ሴሚናሪ ለመማር ገንዘብ ከየት ይገኛል? በአሜሪካ ማስተርስ ለሚያስቡ አገልጋዮች ዝርዝር መመሪያ

«ተቀብለውኛል!» የሚለው ደስታ ብዙ ጊዜ ሳምንት አይሞላም። ወዲያው የክፍያው ሒሳብ ይመጣል። ሰውየው ወደ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ይደውላል። «የስኮላርሺፑ ማመልከቻ ተዘግቷል፤ ብድር ግን መውሰድ ትችላለህ» ይሉታል። ይወስዳል።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሐኪም ተበድሮ ቢማር በደመወዙ ይከፍላል። አገልጋይስ? በዳያስፖራ ሌሊት እየሠራ ቀን የሚያገለግል ስንት አለ! ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ብድርን ሆን ብዬ መጨረሻ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከእሱ በፊት የሚንኳኩ በሮች አሉ። ብዙዎቹ ግን ትምህርቱ ከመጀመሩ ከወራት በፊት ይዘጋሉ። ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ዲግሪውንና ትምህርት ቤቱን በገንዘብ ዓይን እዩ

ሴሚናሪ ውስጥ በብዛት የሚታዩት ሁለት ዓይነት ማስተርስ ናቸው። አንደኛው ኤም ዲቭ የሚባለው፣ ለቅስናና ለመጋቢነት የሚያዘጋጀው ረጅሙ ዲግሪ ነው። ቢያንስ 72 ክሬዲት ይጠይቃል፤ በሙሉ ጊዜ ሦስት ዓመት አካባቢ ይፈጃል። ሁለተኛው አጠር ያለው የነገረ መለኮት ወይም የአገልግሎት ኤም ኤ ነው። ከ36 ክሬዲት ይጀምራል፤ በሁለት ዓመት ሊያልቅ ይችላል።

ለምን አስፈለገኝ ትሉ ይሆናል። አንደኛ፣ የሚያጥረው የሚረክሰው ነው። ሁሉም አገልግሎት ኤም ዲቭ አይጠይቅም፤ ቤተ እምነታችሁ ለሹመት የሚጠይቀውን አስቀድማችሁ እወቁ። የጦር ሠራዊት ወይም የሆስፒታል ቻፕሊን (መንፈሳዊ አገልጋይ) ለመሆን ካሰባችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙ መንገድ ነው የሚያዋጣው። ሁለተኛ፣ ብዙ ትልልቅ ስኮላርሺፖች የተመደቡት ለኤም ዲቭ ተማሪ ብቻ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ከብድር ጣሪያ ጋር የተያያዘ ነው፤ ወደ ታች እንደርስበታለን።

ቀጥሎ ለትምህርት ቤቱ ሁለት ጥያቄ በኢሜይል ላኩ። «የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር በሚያውቀው አካል አክሬዲት ተደርጋችኋል (ዕውቅና አግኝታችኋል) ወይ?» በነገረ መለኮት በኩል ዋናው አካል ኤ ቲ ኤስ ይባላል፤ የአሜሪካና የካናዳ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ማኅበር ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ «በፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ፕሮግራም ትሳተፋላችሁ ወይ?» የሚል ነው። አንዱ መልስ ሌላውን አያረጋግጥም። አክሬዲት ሆነው በአቋም የመንግሥት ገንዘብ የማይነኩ ሴሚናሪዎች አሉ። እነሱ ዘንድ የፌዴራል ብድር የለም፤ በምትኩ የትምህርት ክፍያቸው ዝቅ ሊል ይችላል። በየሰፈሩ የተከፈተው፣ በስድስት ወር «ዶክተር» የሚያደርገው ቤትማ ሁለቱንም ጥያቄ አይመልስም። እዚያ ገንዘባችሁን አታስገቡ።

ደረጃ 2፦ የመኖሪያ ወረቀታችሁ የሚከፍተውን በር ለዩ

የፌዴራል ድጋፍ የሚያገኘው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ያገኛል። በዲቪ የመጣ ሰው ግሪን ካርዱን በያዘ ጊዜ ብቁ ነው፤ ለፌዴራል ድጋፍ ዓመታት መጠበቅ የለበትም። በስደተኛነት ተመዝግቦ የገባም፣ ጥገኝነት የተፈቀደለትም ያገኛል። ቃሉን ልብ በሉ፦ የተፈቀደለት። ማመልከቻው ገና በእንጥልጥል ያለ ሰው የሥራ ፈቃድና ሶሻል ሴኩሪቲ ቢኖረውም ለፌዴራል ድጋፍ ብቁ አይደለም። ቲ ፒ ኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ከለላ ብቻ ያለውም እንዲሁ። እነዚህ ወገኖች ግን ከትምህርት ቤቱና ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣውን ገንዘብ ማመልከት ይችላሉ። «ወረቀት የለኝም» ብሎ ጨርሶ መተው ስህተት ነው።

በኤፍ 1 ቪዛ ከአገር ቤት ለመምጣት የሚያስቡ ሰዎች መንገዳቸው ጠባብ ነው። የፌዴራል ብድር የለም። ትምህርት ቤቱ አይ 20 የተባለውን ሰነድ ከመስጠቱ በፊት ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ መኖሩን ማየት አለበት፤ የትምህርት ክፍያውን፣ ኪራዩን፣ ምግቡን፣ ኢንሹራንሱን ሁሉ። ቤተሰብ አብሮ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ መጠኑ ይጨምራል። የሚስት ወይም የባል ቪዛ የሆነው ኤፍ 2 ሥራ አይፈቅድም። ተማሪው ራሱ በትምህርት ወቅት ካምፓስ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ብቻ ነው መሥራት የሚችለው። «እዚያ ደርሼ እሠራለሁ» የሚለው ዕቅድ ስንቱን ጉድ አድርጎታል። ሙሉ ስኮላርሺፕ ያለውን ትምህርት ቤት ፈልጉ፤ ኑሮውን የሚሸፍን ስፖንሰር ደግሞ በጽሑፍ ያዙ። ለዶክትሬት ደረጃ ከሆነ ላንግሃም ፓርትነርሺፕና ስኮላርሊደርስ የተባሉት ድርጅቶች ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የሚመጡ የነገረ መለኮት ምሁራንን ይረዳሉ። ሁለቱም ሰውየው ተመልሶ የት እንደሚያገለግል አጥብቀው ይጠይቃሉ።

ደረጃ 3፦ ከቤተ ክርስቲያናችሁ ጀምሩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ነገሩ እፍረትም አለበት። ለራስ ገንዘብ መጠየቅ ይከብዳል፤ በተለይ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ። ግን ብዙ ሴሚናሪዎች «ማቺንግ» የሚሉት ነገር አላቸው፦ ቤተ ክርስቲያን ለተማሪው የሰጠችውን ያህል ትምህርት ቤቱ እስከተወሰነ መጠን ድረስ ከራሱ ይጨምራል። ቤተ ክርስቲያናችሁ 1,000 ዶላር ብትሰጥና ትምህርት ቤቱ እኩል ቢጨምር 2,000 ሆነ ማለት ነው። ይህን ለሽማግሌዎቹ ስትነግሯቸው ልመናው መልኩን ይለውጣል። «እርዱኝ» ከማለት «የምትሰጡት እጥፍ ይሆናል» ማለት ይቀላል። አንድ ነገር ብቻ፦ ገንዘቡ ከአካባቢ ቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ እንዲላክ አብዛኛውን ጊዜ ይጠየቃል። ለእናንተ በእጅ ከተሰጠ ላይቆጠር ይችላል።

ከአጥቢያዋ በላይ ቤተ እምነቱ አለ። ቤተ እምነታችሁ የራሱ ሴሚናሪዎች ካሉት አባል መሆን ብቻውን ትልቅ ቅናሽ ነው። የሳውዘርን ባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት «ኮኦፐሬቲቭ ፕሮግራም» በተባለው የጋራ መዋጮ ስድስት ሴሚናሪዎችን ይደግፋሉ፤ ይህ መዋጮ ከ1925 ጀምሮ ያለ ነው። በዚህ የተነሳ የአባል ቤተ ክርስቲያን ተማሪ የሚከፍለው ከሌላው ያነሰ ነው። አንዳንድ የሐበሻ ጉባኤዎች የዚህ ኅብረት አባል ሆነው ምእመኑ ግን አያውቅም። መጋቢያችሁን ጠይቁ። የዩናይትድ ሜተዲስት ቤተ ክርስቲያን ለአገልጋዮች ትምህርት የሚሆን ፈንድ አላት። የሉተራኗ ኢ ኤል ሲ ኤ «ፈንድ ፎር ሊደርስ» የሚባል ስኮላርሺፕ አላት። በኤጲስቆጶሳውያን በኩል ደግሞ ከ1857 ጀምሮ ሴሚናሪ ተማሪዎችን የሚረዳ ሲም የተባለ ማኅበር አለ። የካቶሊክ ካህን ለመሆን የሚማር ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ሀገረ ስብከቱ ወይም ገዳማዊ ማኅበሩ ነው የሚልከው፣ ወጪውም በአብዛኛው በላኪው በኩል ያልፋል።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ዲያቆናትና ካህናት ብዙ ጊዜ «ለእኛ የሚሆን የለም» ይላሉ። ኒው ዮርክ ዮንከርስ የሚገኘው ቅዱስ ቭላዲሚር ሴሚናሪ በ1938 የተመሠረተ የምሥራቅ ኦርቶዶክስ ትምህርት ቤት ነው። እንደ ተዋሕዶ ካሉ የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት የሚመጡ ተማሪዎችንም ይቀበላል። እንዲህ ያለ ቦታ ስታመለክቱ የሊቀ ጳጳስ ቡራኬ ወይም የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቁ የተለመደ ነው። ደብዳቤው በሳምንት አይገኝም፤ ሀገረ ስብከቱን ቀደም ብላችሁ አነጋግሩ።

ነጻ ጉባኤ ያላችሁ፣ ከየትኛውም ቤተ እምነት ያልታቀፋችሁ፣ የእናንተ ጉልበት ደብዳቤው ነው። የድጋፍ ደብዳቤው «ወንድማችን መልካም ሰው ነው» ብቻ ከሆነ አይረባም። ስንት ዓመት እንዳገለገላችሁ፣ በምን ክፍል፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ስትመለሱ ቤተ ክርስቲያኗ ምን ልትሰጣችሁ እንዳሰበች፣ በገንዘብ ምን ያህል እንደምትደግፍ ይጻፍ። 500 ዶላርም ብትሆን ትጻፍ። ገንዘብ ሰጪ ሰው መጀመሪያ የሚያየው «የሚያውቁት ሰዎች ራሳቸው ሰጥተውታል ወይ?» የሚለውን ነው።

ደረጃ 4፦ ወደ ትምህርት ቤቱ ካዝና

ትልቁ ነጻ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ያለው እዚህ ነው። አሮጌ ሴሚናሪዎች ባለፉት ትውልዶች የተተወላቸው የአደራ ፈንድ አላቸው። ዬል ዲቪኒቲ ስኩል በ2022 የገንዘብ ችግራቸው ለተረጋገጠ ማስተርስ ተማሪዎች ሁሉ ሙሉ የትምህርት ክፍያ እንደሚሸፍን አስታውቋል። ስለዚህ በድረ ገጹ ላይ ያለውን የዋጋ ቁጥር አይታችሁ አትሸሹ። ውድ የሚመስለው ትምህርት ቤት ከርካሹ ያነሰ ሊያስከፍላችሁ ይችላል።

የትምህርት ቤት ድጋፍ በሁለት ይከፈላል። አንዱ በችሎታ የሚሰጥ ነው፤ ውጤት፣ ድርሰት፣ የአገልግሎት ታሪክ ያያሉ። ሌላው በችግር የሚሰጥ ነው፤ ገቢና ቤተሰብ ያያሉ። ሁለቱንም አመልክቱ። የመግቢያ ማመልከቻ ማስገባት ብቻውን ለስኮላርሺፕ ማመልከት ላይሆን ይችላል፤ የተለየ ቅጽና የተለየ ቀን ይኖራል። ቀኑን ቀጥታ ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ አስፍሩት። አብዛኛው ስኮላርሺፕ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ይፈልጋል፤ አንዳንዱም ካምፓስ ላይ መማርን ይጠይቃል። በኦንላይን በማታ የሚማር ሰው ትንሽ ነው የሚደርሰው። ይህ ለሠራተኛ ሰው ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ግን አሠራሩ ይኸው ነው።

የተማሪ ቤት መኖሩን ጠይቁ። በትልልቅ ከተሞች የቤት ኪራይ ከትምህርት ክፍያው ሊበልጥ ይችላል፤ ርካሽ የካምፓስ አፓርትመንት እንደ ስኮላርሺፕ ነው የሚቆጠረው። ሚስት ወይም ባል በቅናሽ ትምህርት የሚወስዱበት ዕድል መኖሩንም አጣሩ።

አገር ቤት ዲግሪ የሠራችሁ ሰዎች ከዚህ በፊት የሚጨርሱት ሥራ አለ። ትራንስክሪፕታችሁ ከዩኒቨርሲቲው በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ እንዲመጣ ይጠየቃል፤ ከዚያ በውጭ ዲግሪ ገምጋሚ ድርጅት ይገመገማል። ሬጅስትራር ቢሮ ዘመድ ልካችሁ ማስጨረስ ወራት ሊፈጅ ይችላል። አንድ የማውቀው ወንድም ድርሰቱም ደብዳቤውም አልቆ ትራንስክሪፕቱ ዘግይቶበት አንድ ዓመት ሙሉ ቆሟል።

ደረጃ 5፦ ፋፍሳን ሙሉ

ፋፍሳ ለፌዴራል ድጋፍ የሚሞላው ነጻ ቅጽ ነው። ብድር ባትፈልጉም ሙሉት፤ ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን በችግር የሚሰጥ ድጋፍ ለማስላት ይጠቀሙበታል። ቅጹ በተለመደው አሠራር ለቀጣዩ የትምህርት ዓመት ኦክቶበር 1 ላይ ይከፈታል። በየዓመቱም እንደገና ይሞላል። ልሙላላችሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ተዉት።

የማስተርስ ተማሪ በሕጉ ራሱን የቻለ ሰው ነው። የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። የእናንተና፣ ካላችሁ፣ የባለቤታችሁ ገቢ ነው የሚታየው። ቅጹ የታክስ መረጃችሁን ከአይ አር ኤስ በቀጥታ እንዲወስድ ፈቃድ ይጠይቃል። «አልፈቅድም» ካላችሁ ለፌዴራል ድጋፍ ብቁ አይደላችሁም። ከባለቤታችሁ ጋር ታክስ ለየብቻ የምታስገቡ ከሆነ ባለቤታችሁም የራሳቸውን አካውንት ከፍተው መፍቀድ አለባቸው።

ሐበሻን የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ስም። ቅጹ ላይ የምትጽፉት ስምና የልደት ቀን ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ካርዱ ላይ የአባት ስም መካከል ገብቶ የአያት ስም መጨረሻ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ዲግሪው ላይ ደግሞ አያት የለም። ልደት በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ተጽፎ የተላለፈበትም ሰው አለ። ቅጹን ከመጀመራችሁ በፊት ካርዱን አውጥታችሁ እዩ። ስህተት ካለ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዳችሁ አስተካክሉ፤ አለዚያ ማመልከቻው ያለ መልስ ይንከራተታል። ግሪን ካርድ ያላችሁ የኤሊየን ቁጥሩን በትክክል ጻፉ።

የሚታየው ገቢ የሁለት ዓመት በፊቱ ነው። ለ2026 እስከ 2027 የትምህርት ዓመት የሚታየው የ2024 ታክስ ነው። አሁን ሥራ አቁማችሁ ከሆነ ወይም ሰዓት ቀንሳችሁ ከሆነ ያ ቁጥር የእናንተን ኑሮ አያሳይም። ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ደብዳቤ ጻፉ፤ የደመወዝ ወረቀት አያይዙ። ቢሮው ሁኔታውን አይቶ ማስተካከል ይችላል፤ ሥልጣኑ በሕግ የተሰጠው ነው። ጠያቂ ስለሌለ ነው እንጂ!

ከፋፍሳ ፔል ግራንት አትጠብቁ። ታናሽ እህታችሁ ኮሌጅ ስትገባ ያገኘችው ያ ነጻ ገንዘብ የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለው ሰው ነው። ወርክ ስተዲ ግን ለማስተርስ ተማሪም ክፍት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ገንዘቡ ካለው በቤተ መጻሕፍት ወይም በቢሮ ያሠራችኋል።

የክፍለ ሀገር ግራንት ላይም ብዙ አትተማመኑ። በ2004 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋሽንግተን ስቴት ለካህንነት ትምህርት የስኮላርሺፕ ገንዘብ መከልከሉን ሕጋዊ ነው ብሏል። ስለዚህ ነገሩ በየስቴቱ ይለያያል።

ደረጃ 6፦ መሥሪያ ቤትና ታክስ

ሆስፒታል፣ አየር መንገድ፣ ትልቅ መጋዘን ወይም ባንክ የምትሠሩ ኤች አር ሄዳችሁ «የትምህርት ድጋፍ አላችሁ ወይ?» በሉ። አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር የትምህርት ወጪ ሲከፍልላችሁ ታክስ አይቆረጥበትም፤ ማስተርስም ይካተታል። አንዳንዱ አሠሪ ከሥራው ጋር የማይያያዝ ትምህርት አይከፍልም። በወታደርነት ያገለገሉ ደግሞ ጂ አይ ቢል የተባለውን የወታደሮች የትምህርት ድጋፍ መብታቸውን በተፈቀደላቸው ሴሚናሪዎች መጠቀም ይችላሉ።

ታክስ ስታስገቡ ላይፍታይም ለርኒንግ ክሬዲት የሚባለውን አትርሱ። ከከፈላችሁት የትምህርት ክፍያ እስከ 10,000 ዶላር ያለው ይያዝና 20 በመቶው፣ ማለትም እስከ 2,000 ዶላር፣ ካለባችሁ ታክስ ላይ ይቀነሳል። ታክስ ከሌለባችሁ በእጅ የሚመለስ ነገር የለም። ለትምህርት ክፍያና ለመጽሐፍ የዋለ ስኮላርሺፕ ታክስ የለበትም። ለኪራይና ለምግብ የተሰጠው ግን አለበት።

ደረጃ 7፦ አሁን ብድር

ማስተርስ ተማሪ የሚያገኘው የፌዴራል ብድር ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን የሚቆጥር ነው። በ2025 እስከ 2026 የትምህርት ዓመት የወለዱ መጠን 7.94 በመቶ ነበር። 20,500 ዶላር ብትበደሩ በዓመት ወደ 1,628 ዶላር ወለድ ነው፤ ቁጭ ብላችሁ ስትማሩ።

በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ጣሪያውን ቀይሮታል። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የተባለው ብድር ቀርቷል። ለተራ ማስተርስ በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ነው። «ፕሮፌሽናል» ለሚባሉ ዲግሪዎች በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ነው። እዚህ ጋ የኤም ዲቭ ነገር ይመጣል፦ የትምህርት ሚኒስቴሩ ደንብ ለፕሮፌሽናል ዲግሪ ከሚጠቅሳቸው ምሳሌዎች አንዱ ኤም ዲቭ ነው። ኤም ኤው በዚያ ውስጥ የለም። የእናንተ ፕሮግራም በየትኛው እንደሚመደብ ከትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ያዙ። ደግሞ 50,000 ስለተፈቀደ መውሰድ ግዴታ አይደለም። ብድሩን ለማግኘት ቢያንስ ግማሽ ጊዜ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ከሙሉ ጊዜ ያነሰ የሚማር ደግሞ በአዲሱ ሕግ የሚፈቀድለት መጠን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ያልተከፈለ፣ ዲፎልት የገባ የድሮ ብድር ካለባችሁ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

መጠኑን እንዲህ አስቡት። ስትመረቁ የምታገኙትን የወር ደመወዝ በእውነት ገምቱ፤ መጋቢያችሁን ወይም አስተዳዳሪውን ጠይቁ። ኪራይና ምግብ አውጡ። ለቤተሰብ የምትልኩትን አውጡ፤ እሱ እንደማይቀር ሁላችንም እናውቃለን። የተረፈው ነው ብድር የሚከፍለው። ከዚያ በላይ አትበደሩ።

ለአገልጋዮች አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ ፒ ኤስ ኤል ኤፍ የሚባለው የብድር ስረዛ። ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልተቋቋመ ድርጅት ሙሉ ጊዜ እየሠራችሁ 120 ወርኃዊ ክፍያ ስትከፍሉ የቀረው ይሰረዛል። ድሮ ለስብከትና ለአምልኮ የዋለ ሰዓት አይቆጠርም ነበር። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ይቆጠራል። ሁኔታዎቹ፦ ቤተ ክርስቲያኗ 501 ሲ 3 (ከታክስ ነጻ የሆነ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት) መሆን አለባት፣ በሳምንት ቢያንስ 30 ሰዓት መሥራት አለባችሁ፣ እንደ ተቀጣሪ ደብሊው 2 የተባለውን የደመወዝ ታክስ ቅጽ ማግኘት አለባችሁ። ብዙ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዩን በ1099 (እንደ ኮንትራት ሠራተኛ) ወይም በፖስታ በጥሬ ገንዘብ ነው የሚከፍለው። በዚያ መንገድ አሥር ዓመት ብታገለግሉ አንድም ወር ላይቆጠርላችሁ ይችላል። ሥራ ስትጀምሩ ገና ከገንዘብ ያዡ ጋር ተነጋገሩ፤ የአሠሪ ማረጋገጫ ቅጹንም በየዓመቱ አስፈርሙ።

ደረጃ 8፦ የድጋፍ ደብዳቤው ሲመጣ

ደብዳቤው ላይ ትልቅ ድምር ታያላችሁ። በሁለት ክፈሉት፤ የማይመለስና የሚመለስ። ብድር «ድጋፍ» ተብሎ አብሮ ስለሚደመር ብዙ ሰው ይታለላል። ከዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ላይ የማይመለሰውን ብቻ ቀንሱ። የቀረው ነው እውነተኛው ዋጋ።

የተሻለ ደብዳቤ ከሌላ ትምህርት ቤት ካላችሁ አሳዩዋቸው። በትሕትና፣ በአጭር ኢሜይል፣ «መማር የምፈልገው እናንተ ጋ ነው፤ ግን ይህን ያህል ይጎድለኛል» በሉ። መጠኑን በቁጥር ጻፉ። «አይቻልም» ቢሉም የሚቀንሱት ነገር የለም። በመጨረሻም ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑን፣ ለዚያ የሚያስፈልገውን ውጤትና የክሬዲት ብዛት ጠይቁ። ሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ኮርስ ስትተዉ ድጋፉ ሁሉ እንደሚነሳ አስቀድሞ የሚነግራችሁ ሰው አይኖርም።